አንድ መርጫ ለጤፍም ለአተርም፦ ስለተጠማዘዘው አተር የተሰጠ መልስ

ከጎዛምን ወረዳ የጻፉልን ገበሬ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬት የዘሩት አተር ማበብ በጀመረበት ሰሞን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ስለገባበት ነሐሴ 14 ቀን የተባይ መድኃኒት ረጩበት። በሁለተኛው ቀን ግን የአተሩ ጫፍ እንደ ገመድ ተጠማዞ፣ ቅጠሉም ቁልቁል ታጥፎ አገኙት። አዋሳኝ ጎረቤታቸው ከሳምንት በፊት ስንዴውን ፀረ አረም ረጭቶ ስለነበር፣ ነፋስ ያመጣብኝ እሱ ነው በማለት ከሰውታል፤ ነገሩም ለሽማግሌ ሊቀርብ ነው። አተሩ ይተርፋል ወይ ብለውም ጠይቀዋል። ክፉኛ የተጎዳው ርጭቱን የጀመሩበት፣ በቤታቸው በኩል ያለው ክፍል እንደሆነ፣ በስንዴው በኩል ያለው ዳር ግን ደህና እንደሆነ ጽፈዋል። የተጠቀሙበት መርጫ ከሁለት ቀን በፊት ጤፋቸውን ፀረ አረም የረጩበት መሆኑንም በደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንሥተዋል።

ወንድሜ፣ ጎረቤትዎን ሽማግሌ ፊት ከማቆምዎ በፊት ይህን መልስ በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም እርስዎ ራስዎ የጻፉት የማሳው ሁኔታ የሚያመለክተው ወደ ስንዴው ሳይሆን ወደ መርጫዎ ነው።

የገለጹት መጠማዘዝ በጤፍና በስንዴ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የምንረጨው፣ በተለምዶ ቱ ፎር ዲ የምንለው መድኃኒት ምልክት ነው። ይህ መድኃኒት የተክሉን የዕድገት ቅመም አስመስሎ ስለሚሠራ አንዱ ወገን ያለ ልክ ሲያድግ ሌላው ወደኋላ ይቀራል፤ ግንዱ የሚጠመዘዘውና ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘው ዘንግ ቁልቁል የሚታጠፈው በዚህ የተነሣ ነው። ጤፍና ስንዴ የሣር ወገን በመሆናቸው ይቋቋሙታል፤ አተር፣ ባቄላ፣ ኑግና ጎመን ግን አይችሉትም። ክሽክሽ ያመጣው በሽታ ቢሆን ኖሮ ተክሉ እዚህም እዚያም ተነጣጥሎ ሲታመምና ቅጠሉ ሲዥጎረጎር ያዩ ነበር እንጂ፣ አንድ ወጥ የሆነ ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ አይጠማዘዝም። ከመዝራት በፊት ማሳ ለማጽዳት የምንረጨው ራውንድአፕ የነካው አተር ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ይገረጣል፤ ምልክቱም ጎልቶ ለመታየት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

አሁን ወደ ማሳው ይውረዱና ከቤትዎ በኩል ጀምረው በዝግታ ይራመዱ። በአተሩ መካከል የበቀለውን አረም ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ሰፊ ቅጠል ያለው መጭ ተጠማዞ፣ አጠገቡ ያለው የሣር ወገን የሆነው ሙጃ ወይም ስናር ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ካገኙት፣ ሰፊ ቅጠልን ብቻ የሚለይ መድኃኒት እንደነካው አይጠራጠሩ። ከዚያ ጉዳቱ የሚያበቃበትን መሥመር ይፈልጉ። ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ውኃ የሚረጭ ሰው ለአንድ ቃዳ 50 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም በ16 ሊትሩ የጀርባ መርጫ ሦስት ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ከማሳው የመጀመሪያው ሲሶ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ሁለተኛው ላይ ምልክቱ እየሳሳ ሄዶ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ከሆነ፣ መድኃኒቱ የመጣው ከመጀመሪያው ሙሌት ነው። ነፋስ ያመጣው ቢሆን ኖሮ የስንዴው ዳር ከሁሉ ብሶ ወደ እርስዎ ቤት በተጠጋ ቁጥር እየቀነሰ በሄደ ነበር። የቀኑም ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በነፋስ የደረሰ ቱ ፎር ዲ ምልክቱን በአንድና በሁለት ቀን ስለሚያሳይ፣ ጎረቤትዎ ከረጨ በኋላ ሳምንት ሙሉ ባልቆየም ነበር።

ጤፉን ረጭተው ሲጨርሱ በመርጫው ሆድ ሁለት ሊትር ያህል ቀርቶ ከነበረና በዚያው ላይ ውኃና የተባይ መድኃኒት ጨምረው ከሞሉት፣ የመጀመሪያው ሙሌት ለጤፍ ከተበጠበጠው ኃይል አንድ ስምንተኛውን ይዞ ነበር ማለት ነው። በአበባ ላይ ላለ አተር ይህ ብዙ ነው።

ይተርፋል ወይ ላሉት፣ እስካሁን የተጠማዘዘው ጫፍ መልሶ አይቃናም፤ ያለው አበባም አብዛኛው ሊረግፍ ይችላል። ነገር ግን አተር ጫፉ ሲሞት ከታችኛው አንጓ አዲስ ቀንበጥ የማውጣት ጠባይ ስላለው፣ ማሳውን ለመገልበጥ አይቸኩሉ። ከርጭቱ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይጠብቁና ከተጎዳው ክፍል ከተለያየ ቦታ 20 ያህል ተክል መርጠው ከመሬት ጀምሮ በጣትዎ እየዳሰሱ ይዩ። ከታች የወጣው ቀንበጥ ቀጥ ያለና ቅጠሉ እንደ ወትሮው የተዘረጋ ከሆነ ተክሉ ይኖራል፤ ግንዱ ከመሬት በላይ አብጦ ከተሰነጠቀ፣ አዲሱም ቅጠል ጠቦና ተጨማድዶ ከወጣ፣ ተስፋው አነስተኛ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደህና ቀንበጥ ካላቸው ይተዉት እላለሁ። እስከዚያው ድረስ አረሙን በእጅ ከመንቀል በቀር ምንም አይጨምሩበት፤ በሱቅ «ያገግምልሃል» ተብሎ የሚሸጥ ርጭትም ሆነ ዩሪያ የገባውን መድኃኒት አያወጣውም፣ ገንዘብዎን ግን ያወጣል። የተጎዳው ሲሶ ካልዳነና መሬትዎ ዋልካ (እርጥበት የሚይዝ ጥቁር አፈር) ከሆነ፣ ቱ ፎር ዲ በእርጥብ አፈር ውስጥ በሳምንታት ጊዜ ስለሚበሰብስ፣ መስከረም ላይ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት ይቻላል።

ከተጎዳው ክፍል እሸት እንዳይሸጡ፣ ለልጆችም እንዳይሰጡ፣ ተክሉንም ለከብት እንዳያጭዱ አደራ እላለሁ፤ መድኃኒቱ ለአተር የተፈቀደ ስላልሆነ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ ይበላል የሚል መመሪያ የለውም።

ስለ መርጫው ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በገጠር ስዞር ይህንኑ ጥፋት ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያየሁትም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በውሰት በሚዞር መርጫ ነው። መርጫን በውኃ አንድ ጊዜ አንቀጫቅጮ መድፋት ማጠብ አይደለም፤ መድኃኒቱ በቱቦው፣ በወንፊቱና በአፍንጫው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የተረፈውን እዚያው ጤፉ ላይ ረጭተው ይጨርሱ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውኃ ሞልተው ጥቂቱን በቱቦው ካስወጡ በኋላ ሌሊቱን ያሳድሩት፣ ጠዋት ወንፊቱንና አፍንጫውን ፈትተው ለየብቻ ያጽዱ፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ እየሞሉ በቱቦው በኩል ረጭተው ያውጡት። እጣቢውን ወንዝ ወይም የከብት መጠጫ አጠገብ ሳይሆን ጤፉ ውስጥ ይድፉት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን እኔ በፀረ አረም መርጫ አተርና ባቄላ አልረጭም። ሁለት መርጫ መግዛት ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ከጎረቤትዎ ጋር ግን አንዱ የአረሙን፣ ሌላው የተባዩን ገዝታችሁ፣ የአረሙን እጀታ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጋችሁ ብትዋዋሱ ለሁለታችሁም ይበቃል። መለኪያ ኩባያውም እንዲሁ ለየብቻ ይሁን፤ ያልተበጠበጠ መድኃኒት የሚነካው እሱ ነውና።

በሚቀጥለው ዓመት ለዘር የሚሆንዎትን ከሦስተኛው፣ ካልተጎዳው ሲሶ ብቻ ለይተው ይውቁ። ከመዝራትዎ አስቀድመውም 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና በስምንተኛው ቀን ፈትተው ይቁጠሩ፤ ከ80 በታች ከበቀለ ወይም ቡቃያው ወፍሮና ተጣምሞ ከወጣ ለዘር አያውሉት።