ፎቶ ኮፒ ቤት የተለማመድኩት ሊኑክስ ሥራ ያስገኝልኛል?

ከቱሉ ዲምቱ አንድ ወጣት ጽፎልናል። በሃርድዌርና ኔትወርኪንግ ሌቨል ፎር ጨርሶ ሲኦሲውንም አልፏል። አሁን ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሯል። የሱቁ ኮምፒውተር በቫይረስ ሲያስቸግር፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነበት። የሱቋ ባለቤት መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፣ አሁን ግን ለምደውታል። «ቀኑን ሙሉ ስክሪንሾት እያነሳሁ ፕሪንት ሳደርግ ነው የምውለው» ይላል። «ጓደኞቼ ዊንዶውስ የሌለበት ቢሮ የለም፣ ጊዜህን አታባክን ይሉኛል። ሲቪዬ ላይ ሊኑክስ እችላለሁ ብዬ ብጽፍ ሥራ አገኛለሁ?»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አዲስ አበባ ውስጥ የምትገባበት ቢሮ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ነው። «የሊኑክስ ዴስክቶፕ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቅ ፀጉርህ ይሸብታል። «ሊኑክስ እችላለሁ» የሚለው መስመርም ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ማንም ይጽፈዋል። ቀጣሪ ማየት የሚፈልገው የፈታኸውን ችግር ነው። አንተ ደግሞ በየቀኑ ትፈታለህ፣ ማስረጃ አድርገህ አልያዝከውም እንጂ።

ከፕሪንተሩ እንጀምር፣ የአይቲ ሠራተኛን ቀን የሚበላው እሱ ነውና። ኡቡንቱህ ፕሪንት የሚያደርገው ካፕስ በሚባል ሥርዓት ነው። ማይክል ስዊት የሠራው ነው። አፕል ኩባንያ ማክ ኮምፒውተሮቹ ላይ ተጠቅሞበት በ2007 እ.ኤ.አ. ኮዱን ገዝቶታል። ስለዚህ ነገ ማክ ያለው የዲዛይን ቢሮ ብትገባ እዚያም ያው ካፕስ ይጠብቅሃል። ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት፣ ኮሎን፣ 631 ብለህ ክፈትና የፕሪንት ወረፋውን እይ። ደንበኛ «እምቢ አለ» እያለ ደጋግሞ ያዘዘው ፋይል እዚያ ተደርድሮ ታገኘዋለህ። አንዳንዴ ደግሞ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። ትሪው ላይ ያለው ኤፎር ወረቀት ነው፣ ፋይሉ ግን ሌተር የሚባለውን የአሜሪካኖቹን የወረቀት መጠን ይላል፤ ፕሪንተሩ ሌተር ወረቀት አምጡ ብሎ መብራቱን እያርገበገበ ይቆማል። ሰው ይህን ሳያውቅ ጠጋኝ ይጠራል።

ወደ ስክሪንሾቱ ስንመጣ፣ ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ አንተ ታውቀዋለህ፤ አልትን ጨምረህ ስትጫን ክፍት ያለውን መስኮት ብቻ እንደሚያነሳ ለሥራ ባልደረባህ አሳየው። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መመሪያዎች ስክሮት ወይም ኤክስ ደብሊው ዲ የተባሉትን የስክሪንሾት ፕሮግራሞች ተጠቀም ይሉሃል። አዲሱ ኡቡንቱ ላይ ብትሞክራቸው ጥቁር ምስል ሊሰጡህ ይችላሉ። ምክንያቱ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ዌይላንድ የተባለው ሥርዓት ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንደፈለገ እንዲያይ አይፈቅድም። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ ከብዙዎቹ ይለያል።

«ፊደሉ ደበዘዘብኝ» የሚለውንም ደንበኛ ታውቀዋለህ። ሒሳቡን ያዘው። ስክሪንህ 1366 በ768 ቢሆን፣ ምስሉን ኤፎር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ብትዘረጋው በኢንች 200 ነጥብ ገደማ ይደርሰዋል። ለማንበብ ይበቃል። ጉዱ የሚመጣው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ነው፤ ይጨመቃል፣ ፊደሉ ዙሪያ እንደ ትንኝ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይወጣበታል። ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ዓይነት አድርገው እንደ ፋይል ይላኩልህ። ጥቁር መደብ ያለውን ተርሚናል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ማለቴ ነው፣ ጂምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ውስጥ ቀለሙን ሳትገለብጥ ፕሪንት እንዳታደርግ፣ ቶነሩን ይጨርሰዋል። በዚህ ባለቤቷ ቢቆጡ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ አንዱን ችግር ምረጥና ሁለት ገጽ መመሪያ ሥራ። የኤፎርና የሌተሩን ብትወስድ ጥሩ ነው። ችግሩን የሚያሳይ ስክሪንሾት፣ የተስተካከለበትን የሚያሳይ ሌላ፣ ከሥራቸው አጫጭር አማርኛ። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ጽፈህ ፒዲኤፍ አድርገው። የዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት ኒያላ ሊኑክስ ላይ ስለማይገኝ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ተጠቀም፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ይይዘዋል።

ጥንቃቄ ግን አለበት። አንተ ጋ የሰው ፋይዳ፣ የፈተና ውጤት፣ የባንክ ደረሰኝ ይመጣል። የደንበኛ ወረቀት ያለበትን ስክሪንሾት ለማሳያ አትጠቀም። ግድ ከሆነ ስሙንና ቁጥሩን በድፍን ጥቁር ሳጥን ሸፍነው፤ ሳሳ ባለ ብሩሽ የተቀባ ቀለም ብርሃን ሲጨመርበት ከሥሩ ያለው ሊነበብ ይችላል። ማታ ሱቁን ስትዘጋም የስክሪንሾቶቹን ፎልደር ባዶ አድርገው። ይህንኑ ልማድህን ቃለ መጠይቅ ላይ ንገራቸው፣ ቀጣሪ ይወደዋል።

ዊንዶውስን ደግሞ አትሽሸው። የፕሪንት ወረፋውን የሚይዘውን ፕሪንት ስፑለር አጥፍቶ ማስነሳት፣ ድራይቨር መቀየር፣ ፕሪንተርን በኔትወርክ ማጋራት ተለማመድ። ካፕስ የገባው ሰው እነዚህ አይከብዱትም፣ ወረፋው ያው ወረፋ ነው። ሲቪህ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» የሚለውን ሰርዘህ እንዲህ ጻፍ፦ «የሱቁን ኮምፒውተር ወደ ኡቡንቱ ቀይሬ፣ ፕሪንተሮቹን አስተካክዬ፣ ለሠራተኛ የአማርኛ መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።» መመሪያውን አያይዘው።

የት ላመልክት ካልክ፣ ቦሌና ሜክሲኮ ድረስ ታክሲ ከመጋፋትህ በፊት ሰፈርህን እይ። አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካና መጋዘን የሞላበት ነው፤ በየኮንዶሚኒየሙ ዙሪያ የግል ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አለ። ፕሪንተር የሌለው የለም፣ ቋሚ የአይቲ ሰው ያለው ግን ጥቂት ነው። በሰዓት ወይም በወር ተመላልሰህ ለመሥራት ብትጠይቅ አያሳፍሩህም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን የሱቋን ባለቤት ከአሁኑ ጠይቃቸው፣ ልትለቅ ስትል ከሆነ ፊት ይጠቁራል። ደብዳቤው ላይ «የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፣ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጥገናውም ይጠቀስ። የገባህበት ቀን በትክክል ይጻፍበት። ማኅተሙንም አትርሳ።