ልብ ነው ወይስ ጭንቀት? ከደብረ ብርሃን የተሰጠ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዘመን በነርስነት ስላገለገልሁ ጥያቄዎቻችሁን ተቀብያለሁ። በጽሑፍ ማንንም አልመረምርም፤ የመድኃኒት ስምም አልጽፍም።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሲስተር፣ ማታ ጋደም ስል ልቤ በድንገት ይመታል፣ እጆቼ ይደነዝዛሉ፣ የምሞት ይመስለኛል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥቼ ደኅና ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ የፍርሃቱ ብርታት የበሽታውን ክብደት አይነግረንም፤ መታየት ያለበት አመጣጡ ነው። ድንገት ተነሥቶ በ10 ደቂቃ ገደማ ከጫፍ የሚደርስ፣ ቀስ በቀስም የሚበርድ፣ ሁለቱንም እጆችና የከንፈርን ዙሪያ የሚያደነዝዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጭንቀት ማዕበል ነው፤ መደንዘዙም ቶሎ ቶሎ ከመተንፈስ የተነሣ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ የሚመጣ ነው። ዳገት ሲወጡ ደረትን ጨምድዶ ሲያርፉ የሚለቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ በሥራ መካከል ራስን የሚያስት ሕመም ግን የልብ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ይታይ። ሕመሙ በዕረፍት ካልለቀቀና ላብ ካጠመቀ ወደ 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። በደንብ እየበሉ መክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ከልብ ምቱ ጋር ከተደረቡ ደግሞ፣ አንገት ላይ እንቅርት ባይታይም እንኳ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሆርሞን መለካት አለበት። «ጭንቀት ነው» ተብለው ያለዚህ ምርመራ የሚሸኙ ሴቶች ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ጠያቂ፣ ከሞላሌ፦ ራሴን ያመኛል፤ ምን ይሆን?

መልስ፦ ከመቼ ጀምሮ? በምን ሁኔታ? ይህን ሳያውቅ የሚመልስልዎ ሰው ቢኖር አይመኑት። ሕመሙ እንደ መብረቅ በቅጽበት የወረደ ከሆነ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ ወይም ፊት ከተጣመመና አንደበት ከተያዘ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠያቂ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ድካም አለብኝ። የሄድሁበት ላቦራቶሪ ሁሉ «ታይፎይድ» ይለኛል፤ መድኃኒቱን ብጨርስም አይለቀኝም። ከባድ በሽታ ተደብቆብኝ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የተደረገልዎ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ የሚለካው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ተሕዋስያኑን አይደለም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተያዘ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። በሽታውን በተሻለ የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር፣ ማለት ተሕዋስያኑን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ ነው። የሚጨነቅ ሰው ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ሲዞር አንዱ ወረቀት አንድ ነገር ማሳየቱ አይቀርም፤ ከዚያ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ድካሙ ይቀጥላል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። አገራችሁ ቆላ ስለሆነ ትኩሳት ሲኖር አስቀድሞ፣ በዚያው ቀን፣ የወባ ምርመራ ይደረግ። ትኩሳት ከሌለዎት ግን የደም ማነስ፣ ስኳርና ታይሮይድ ይታይልዎ፤ ስለ እንቅልፍዎና ስለ ሐሳብዎም ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ።

አባል፣ ከአንኮበር፦ የጭንቀት መድኃኒቱ ጠበል ነው። እኔ ክኒኔን ጥዬ ድኛለሁ።

አባል፣ ከምንጃር፦ ጎረቤቴም የሚጥል በሽታ ክኒኑን ጥሎ ጠበል ገባና እሳት ላይ ወደቀ። ጠበሉን ማን ተቃወመ? ክኒኑን ለምን ታስጥላላችሁ?

አባል፣ ከአንኮበር፦ እምነት የጎደለው ሰው ነገር!

መልስ፦ ጠበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ። የሚጥል በሽታ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም። በዚህ ይብቃን።

ጠያቂ፣ ከደብረ ሲና፦ የእኔም ልብ ይመታል፤ ልብ ነው ወይስ ጭንቀት?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር መልሻለሁ። እባክዎ ያንብቡት።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦ አንድ ወር አስሎኛል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ልብሴ ሰፍቶኛል። ቤተሰቤ «ሐሳብ ነው» ይላል።

መልስ፦ ሐሳብ አያስልም። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ተመርምሬ ደኅና ነህ ብባልም በስልኬ ምልክት መፈለግ አልተውሁም።

መልስ፦ አንድ ሐኪም ይምረጡ፤ ቀጠሮም ይያዙ። በቀጠሮዎች መካከል አዲስ ምልክት ካልመጣ ምርመራ አይድገሙ፤ ውጤቱ የሚያሳርፍዎ ለጥቂት ቀን ብቻ ነውና። ለዚህ ጭንቀት በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልኩዎ ይጠይቁ።

ስለ ጨጓራ የጻፋችሁ ሁሉ፦ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወካችሁ መልሴን አትጠብቁ፤ ሂዱ።