የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሲበዛ መምህሩ ለምን አይበዛም?

እህቴ፣ «የኢኮኖሚክስ ተመራቂ እየጨመረ የመምህራኑ ቁጥር ለምን ባለበት ይቆማል? ዲፓርትመንቱ እየደከመ ነው ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የግድ አይደለም። ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የሚተነትነውን ትምህርት) ለዓመታት አስተምሬያለሁ፣ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ተማሪ በአንድ ሰሚስተር ሐሳቡን ይቀይራል። መምህር ግን እንደዚያ አይመጣም። በጀት እስኪጸድቅ፣ ማስታወቂያ እስኪወጣ፣ ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ ዓመቱ ያልፋል፤ ከዚያ የመረጥነው ሰው የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሌላ ቦታ ይገባና እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን። የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ያለውን ሰው ማዕከላዊ ባንኮችም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ይሻሙታል። የታሪክ ክፍል እንዲህ ዓይነት ራስ ምታት ብዙም የለበትም።

ዩኒቨርሲቲውም ይፈራል። ቋሚ የቀጠሩት ሰው 30 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ የተማሪው ጎርፍ ግን እስከዚያ ስለመቆየቱ ማን ዋስ ይሆናል? አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር፣ በኋላ መልሶ አንሰራራ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ደግሞ ተማሪው ሲጨምር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጀት አጥሯቸው ቅጥር አቁመው ነበር። ተማሪውን ያመጣው ቀውስ የመምህሩን በር ዘጋ ማለት ነው።

ቁጥሩን ስታነቢ ግን ተጠንቀቂ። እዚያው አሜሪካ «ኢኮኖሜትሪክስና ኳንቲቴቲቭ ኢኮኖሚክስ» የሚለው ዘርፍ በ2012 ከስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ዘርፎች) ዝርዝር ገባ። የውጭ ተማሪ በዚያ ስም ከተመረቀ ተጨማሪ 24 ወር መሥራት ስለሚችል ብዙ ዲፓርትመንቶች የፕሮግራማቸውን ኮድ (ዘርፉ የሚመዘገብበትን ቁጥር) ቀየሩ። ስለዚህ የተመራቂዎች ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ተራው ኢኮኖሚክስ የቀነሰ ሊመስልሽ ይችላል፤ ልጆቹ ግን እዚያው ክፍል ተቀምጠዋል፣ የተቀየረው ስያሜው ነው።

እኔ ብሆን ጠቅላላ የመምህራን ቁጥር አልጠይቅም። ግማሾቹ በጥናት ፈቃድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ይልቅ ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴክሽን ስንት ተማሪ እንደሚይዝና አንድ አድቫይዘር ስንት ተማሪ እንደሚያማክር ጠይቂ። እኔ አንድ ሰሚስተር 140 ተማሪ ደርሶኝ የዳታ ፕሮጀክቱን ትቼ በምርጫ ጥያቄ ፈትኛለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። ኢሌክቲቭ (ተማሪው በምርጫው የሚወስዳቸው) ኮርሶቹ ባለፉት ሁለት ዓመታት በትክክል ተከፍተው እንደሆነም አጣሪ። እኛ ጋ ሌበር ኢኮኖሚክስ (ስለ ሥራና ደሞዝ የሚያጠናው ኮርስ) ለ4 ዓመት ካታሎጉ ላይ ነበረ፤ የሚያስተምረው ሰው ግን ከለቀቀ ቆይቷል።