ከሕመም ፈቃድ ስትመለሺ ቦታሽም ደመወዝሽም ያንቺ ናቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። ሥራው ከአቅም በላይ ሆኖብሽ ሐኪም የሦስት ወር እረፍት ጻፈልሽ። ስትመለሺ የገንዘብ ያዥነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ደመወዝሽ ዝቅ ብሎ መጋዘን ግቢ፣ አለዚያ መልቀቂያ ፈርሚ» አሉሽ። የተከፈለሽም የመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ቡና ነጋዴ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እየሠራሁ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል።

ከሁሉ በፊት ምንም ወረቀት እንዳትፈርሚ። መልቀቂያ ከፈረምሽ ነገሩ «በፈቃዷ ለቀቀች» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተባረርኩ ብሎ መከራከር በጣም ይከብዳል። እኔን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ የተተየበ ደብዳቤ ዘረጋልኝ። ስሜ፣ ቀኑ፣ «በራሴ ፍላጎት» የሚለው ሁሉ ተሞልቷል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እስክሪብቶው ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። «ቤት ወስጄ ላንብበው» አልኩት። አይሆንም አለ። እኔም ሳልፈርም ወጣሁ። ሥራዬን ያተረፈልኝ ያ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ የሥራ መሪዎችንም ይህ አዋጅ አይሸፍናቸውም።) የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ስለዚህ የሁለት ወር ግማሽ ደመወዝሽ አሁንም እነሱ ጋ ነው። እሱን በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ በይርጋ (ሕጉ ለመጠየቅ በሰጠው የጊዜ ገደብ) ይቀራል።

የቦታው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። አለቃሽ ብቻውን ተነስቶ ደመወዝሽን ሊቀንስ አይችልም። ታመሽ መተኛትሽ ውሉን አላፈረሰውም። በቦታሽ የገባችው ልጅ ቦታውን በጊዜያዊነት ይዛ ከሆነ ትመለሳለች፤ በቋሚነት ከቀጠሯትም የራሳቸው ጣጣ ነው፣ ያንቺ ዕዳ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። «በርንአውት» (ከሥራ ጫና የሚመጣ ዝለት) የሚለው ቃል አዋጁ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2019 «ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት» ብሎ ገለጸው እንጂ በራሱ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። ስለዚህ የሐኪም ወረቀትሽ ላይ «ድካም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሊያከራክሩሽ ይችላሉ። ሐኪሙ ያገኘብሽ ድብርትም ሆነ ጭንቀት፣ የእረፍቱም ቀን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። እኔ የታከምኩት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትገቢ ሰው ያየኛል ብለሽ እንዳትሸማቀቂ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬው ይወራል፤ ግን ወረቀቱ ከወሬው ይበልጣል።

ቀስ በቀስ ወደ ሥራ ስለመመለስ ጠይቀሻል። ሕጋችን እንዲህ ያለ መብት ለይቶ አላስቀመጠም፤ በስምምነት የሚሆን ነው። ሐኪሜ «ለጊዜው ቀላል ሥራ ላይ ቢመደብ» ብሎ ጻፈልኝና በዚያ ተነጋገርን። የቡናው ወቅት እስኪያልፍ ትርፍ ሰዓት እንዳልሠራ ተስማሙ። ለነገሩ ትርፍ ሰዓት በሕጉም ቢሆን ልክ አለው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እኔን አልጋ ላይ የጣለኝም ይኼ ልክ አለመከበሩ ነው። ቡና ሲገባ ሌሊቱም ቀኑም አንድ ነበር።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? «ከሕመም ፈቃድ ተመልሻለሁ፣ በቀድሞ የሥራ መደቤና ደመወዜ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ያልተከፈለኝም ይከፈለኝ» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት ስጪ፣ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስመቺበት። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ላኪው። በየቀኑም ሥራ ግቢ፤ ከቀረሽ «ሥራ ጥላ ሄደች» ይሉሻል።

እምቢ ካሉ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሂጂ። እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አትጠየቂም። እኛ ጋ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻሽን በዚያ አጽፊ፣ የአማርኛ ደብዳቤዎችሽንም አስተርጉሚ። እኔ ትርጉሙ ነው ያዘገየኝ። ካሰናበቱሽ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ይዘጋዋል። በሽማግሌ እንጨርሰው እያሉ ቀኑን እንዳያስበሉሽ። ሽምግልናውም ጎን ለጎን ይሂድ፣ ቀኑን ግን ቁጠሪ።

እስከዚያው የቅጥር ደብዳቤሽን ፈልጊና የሥራ መደብሽ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዚሁ ንገሪኝ። ደብዳቤውን ስትጽፊ አብሬሽ አየዋለሁ።