ሀገር ስቀይር ልብሴም ጠረኑን ቀየረ

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጅ። ጥያቄዬ ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል፣ እኔን ግን እያበሳጨኝ ነው። ሌላ ሀገር መኖር ከጀመርኩ ወራት አለፉ፣ ልብሴ ያው ልብስ ነው፣ ሳሙናውንም ሆን ብዬ ፈልጌ ያንኑ የማውቀውን ስም ነው የምገዛው፣ ግን ታጥቦ ሲወጣ ጠረኑ ፍጹም ሌላ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከሻንጣ ስር ያልታጠበ ሹራብ አገኘሁና ሳሸተው የድሮ ቤታችን ራሱ ነው የሚሸተው፣ ደነገጥኩ። ይባስ ብሎ ፎጣዎቹ ደርቀው ሳሉ ምንም አይሉም፣ ፊቴን ሳብስባቸው ነው የሚጠነቡት። ሳሙና ጨመርኩ፣ ሶፍትነር (የልብስ ማለስለሻ) ጨመርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት። ባለቤቴ ደግሞ «ምንም አይሸትም፣ አንቺ ነሽ» ይለኛል። ምንድነው ነገሩ? — ሻንጣዋን ያልፈታችው

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር እናስታርቅሽ፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አፍንጫ በየቀኑ የሚያገኘውን ጠረን ቶሎ ይለምድና ዝም ይለዋል፣ የሚናገረው አዲስ ነገር ሲመጣ ነው። ሹራቡ ያን ጠረን ድሮም ነበረው፣ አንቺ ግን እዛው ውስጥ ስለምትኖሪ አልሰማሽውም፣ አሁን ከሌላ አየር መጥተሽ ስታሸችው ነው የተሰማሽ። ባለቤትሽ ደግሞ አዲሱን ጠረን ከአንቺ ቀድሞ ለምዶታል ማለት ነው። ይሄ ግን የጥያቄሽን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ የፎጣው ነገር ልማድ አይደለም፣ እሱ የምር ይሸታል። እመጣበታለሁ።

ሳሙናው ላይ፦ ስሙ አንድ መሆኑ ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱን ስም በየሀገሩ በተለያየ ቅመም ነው የሚሸጡት፣ ሽቶው እንደ ገዢው ምርጫ ይቀየራል፣ ኢንዛይሙ፣ ማለትም እድፉን የሚሰባብረው ነገር፣ እዛ ሀገር ሰው በስንት ዲግሪ እንደሚያጥብ ታይቶ ይመረጣል፣ ህጉም ይለያያል። ለምሳሌ በአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 አጋማሽ ጀምሮ በቤት ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ለአንድ እጥበት ከ0.5 ግራም እንዳይበልጥ ተደርጓል፣ ወንዝና ሀይቅ ውስጥ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር እያበዛ ስላስቸገረ። ፎስፈረሱ ሳሙናው ውስጥ የሚገባው ፎስፌት ሆኖ ነው፣ ፎስፌት ደግሞ ውሃውን የሚያለሰልስ ነገር ነበር፣ እሱ ሲወጣ በዚዮላይት በሲትሬት ምናምን ተተካ፣ ስለዚህ ያው ካርቶን እያለ እጥበቱ ሌላ ሆነ። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ነገር ዱቄቱና ፈሳሹ ልዩነታቸው መልክ ብቻ አለመሆኑ ነው፣ ለነጭ ልብስ የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባል በኦክስጅን የሚያነጣ ነገር አለው፣ ፈሳሹ ውስጥ ግን ይሄ ስለማይቆይ አይጨመርም። ድሮ በዱቄት ታጥቢ ከነበረና አሁን በፈሳሽ ከሆነ፣ ጠረን የሚፈጥሩትን ባክቴሪያዎች ሲገድልልሽ የነበረው ነገር ሳታውቂው ቀርቷል ማለት ነው። እኔ እንደውም ከሽቶው ለውጥ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ።

ከዛ ውሃው አለ። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ፣ ሀርድ ዎተር የሚሉት፣ ውሃ ማፍያሽ ውስጥ ነጭ ነገር እየተጋገረ የሚያስቸግርሽ ከሆነ እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ እስከ 60 ሚሊግራም ከሆነ ለስላሳ ይባላል፣ ከ180 ካለፈ በጣም ከባድ ነው፣ አንድ ከተማ ውስጥ እንኳን ሰፈር ከሰፈር ሊለያይ ይችላል። በእጅ በደረቅ ሳሙና ያጠበ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፦ ሳሙናውን ፈትገሽ ፈትገሽ አረፋ አይመጣም፣ በምትኩ ውሃው ላይ ነጭ ቅርፍርፍ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፣ ያ ካልሲየሙ ከሳሙናው ስብ ጋር ተጣብቆ የፈጠረው ዝቃጭ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀረው። ስብ ስለሆነ ደግሞ ሲቆይ ይበላሻል፣ ያ ነው ያረጀ ዘይት ዘይት የሚለው ጠረን፣ ነጭ ልብስ ቢጫ እየሆነ የሚመጣውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ዱቄቱና ፈሳሹ ከደረቅ ሳሙና የተሻለ ይቋቋማሉ ግን እነሱም ከፊሉ ጉልበታቸው ካልሲየሙን በመያዝ ያልቃል። ለዛ ነው ካርቶኑ ጀርባ ላይ እንደ ውሃው ከባድነት ወይ ለስላሳነት ሳሙናው ስንት ይሁን የሚል ሰንጠረዥ የሚታተመው፣ ማንም አያነበውም እንጂ። ከከባድ ውሃ ወደ ለስላሳ ውሃ የሄደ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሹ ይገጥመዋል፣ በድሮው ልማድ እየሰፈረ ሳሙናው ታጥቦ አይወጣለትም።

አንቺ «ሳሙና ጨመርኩ ባሰ» ስላልሽኝ እኔ የምጠረጥረው የቀረ ሳሙና ነው። ፈትኚው፦ የታጠበ ደረቅ ፎጣ ወስደሽ ባልዲ ውስጥ በሙቅ ውሃ ብቻ፣ ሳሙና ሳትጨምሪ፣ ዘፍዝፊውና ትንሽ ቆይተሽ በእጅሽ አገላብጪው። ውሃው ከደፈረሰና ላዩ ላይ አረፋ ከመጣ ያ ሁሉ ከጨርቁ ያልወጣ ሳሙናና ሶፍትነር ነው፣ ባክቴሪያ ደግሞ የሚመገበው ይሄንኑ፣ ከሰውነታችን ከሚወጣው ቅባትና የሞተ ቆዳ ጋር ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ይሄን ያብሱታል፣ በፊት ለፊት የሚከፈተው ማሽን ውሃ ይቆጥባል፣ ለአንድ ዙር 50 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል፣ ከላይ የሚከፈተው የድሮው አይነት ግን ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። በብዙ ውሃ ሲለቀለቅ የኖረ ልብስ በትንሽ ውሃ ሲለቀለቅ፣ በዛ ላይ ሳሙናው ሲጨመርበት፣ ምን ይሆናል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?

አሁን ወደ ፎጣው። ደረቁን አይሸትም፣ ሲረጥብ ይጠነባል ያልሽው ነገር በጣም የታወቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች ከየቤቱ የታጠበ ልብስ ሰብስበው ሲመረምሩ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የምትባል ባክቴሪያ አገኙ፣ እሷ የምትሰራውን 4-ሜቲል-3-ሄክሴኖይክ አሲድ የሚባለውን ኬሚካልም ለይተው አወጡት፣ ያ እርጥብ ጨርቅ ጨርቅ የሚለው ጠረን ዋናው እሱ ነው። የዚች ባክቴሪያ ክፋቷ ድርቀትን መቋቋሟ ነው። ጨርቁ ሲደርቅ አትሞትም፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ እርጥበት ስታገኝ እንደገና ትነሳለች። ስለዚህ ፎጣሽ ታጥቦ ንጹህ ሆኖ ከዛ ሲረጥብ የተበላሸ አይደለም፣ ድሮውኑም ከእጥበቱ አልጸዳም፣ ሽቶው ሸፍኖት ነው። በ30 ዲግሪ ማጠብ ለመብራት ቆጣቢ ነው፣ ለአብዛኛው ልብስም ይበቃል፣ ለፎጣና ለውስጥ ልብስ ግን አይበቃም፣ እነሱ አልፎ አልፎ 60 ማየት አለባቸው።

ማድረቁም እኩል ነው፣ እንደውም ይበልጣል እላለሁ። ሀገር የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስበው የቀየረው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ፀሀይና ንፋስ ላይ ሲሰጣ የኖረ ልብስ አሁን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ማሞቂያ ላይ ተደራርቦ፣ ሙሉ ሌሊት እርጥብ እንደሆነ ያድራል፣ እዛው ቤት ወጥ ከተሰራ ደግሞ የዘይቱን ሽታ ጨርቁ ይጠጣዋል። ፀሀይ ላይ የደረቀ ልብስ ያ ደስ የሚል ጠረኑ ደግሞ ምናብ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰሩት ተመራማሪዎች ፎጣ በተጣራ ውሃ ብቻ አጥበው አንዱን ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ውጪ ጥላ ስር፣ አንዱን ፀሀይ ላይ አደረቁ፣ ፀሀይ ላይ የደረቀው ብቻ ነው እንደ ፔንታናልና ኖናናል ያሉ አልዲሃይድና ኬቶን የሚባሉ ጠረን ያላቸው ኬሚካሎች የወጡበት፣ እነዚህ አንዳንድ ሽቶና ተክሎች ውስጥም ያሉ ናቸው። ሳሙና የሚባል ነገር አልነበረበትም። ስለዚህ ያንን ጠረን ከጠርሙስ አትገዢውም፣ «የፀሀይ ጠረን» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ ብትሞክሪም።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ ካልሽኝ፣ ሶፍትነሩን ከፎጣ ላይ ዛሬውኑ አቁሚው፣ ጨርቁን በቅባት ነገር ስለሚለብጠው ውሃ መምጠጥም ያቆማል፣ ሽታም ይይዛል፣ የማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጣለው ሽቶ ያለው ወረቀትም ያው ነው። ፎጣዎቹን ለብቻ በ60 ዲግሪ፣ ለነጭ በሚሆነው ዱቄት፣ በሰንጠረዡ ልክ እጠቢና መጨረሻ ላይ አንድ ማለቅለቂያ ጨምሪ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እጥበቶች የቆየውን ሳሙና ማውጣት ስለሆኑ አትቸኩዪ። ማሽኑን እስከ አፉ አትጠቅጥቂው። የበሩን ጎማ ገልበጥ አድርገሽ እዪው፣ ውስጡ ጥቁር ሙልጭልጭ የሚል ነገር ካለ ግማሹ ጠላትሽ እዛ ነው ያለው፣ እሱንና የሳሙናውን መሳቢያ ጥረጊ፣ ማሽኑን ባዶውን በሙቅ ፕሮግራም አስኪጂው፣ ከዛ በሩን ክፍት ተዪው። ማሽኑ ሲጨርስ ልብሱን ወዲያው አውጪ፣ እዛው ውስጥ ካደረ እንደገና ማጠብ ነው። ውጪ ማስጣት ካልተቻለ ስፒኑን (ማሽኑ እያሽከረከረ ውሃውን የሚጨምቅበትን) ከፍ አድርጊ፣ አራርቀሽ ስጪው፣ ቬንትሌተር ካለሽ ወደሱ አዙሪው፣ መስኮት ክፈቺ። ሱፍና ሐር ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ናቸው፣ 60 ዲግሪ ካሳየሻቸው ለአሻንጉሊት ነው የሚሆኑልሽ። የልብሱ ጠረን እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም፣ ሽቶው ሌላ ነው፣ ውሃው ሌላ ነው። መጠንባቱ ግን ያቆማል።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ የስፖርት ልብሴ ነው፣ ታጥቦ ወጥቶ አምስት ደቂቃ ሳልሮጥ የድሮው ላብ ይመለሳል። የጥጥ ቲሸርቴ እንዲህ አያደርግም። — ሯጩ

መልስ፦ ወንድሜ ልብስህ ፖሊስተር፣ ሰው ሰራሽ ጨርቅ፣ ስለሆነ ነዋ። ፖሊስተር ውሃ አይወድም፣ ቅባት ግን ይወዳል፣ የሰውነት ቅባቱን አጥብቆ ይይዝና በቀዝቃዛ እጥበት አይለቅም። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 26 ጤነኛ ሰዎችን በጂም ብስክሌት አስነድተው ቲሸርቶቻቸውን ካሳደሩ በኋላ ሲያሸቱ የፖሊስተሩ ጠረን ከጥጡ የባሰ ሆኖ አገኙት፣ ማይክሮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም ፖሊስተሩ ላይ በደንብ ሲባዙ ታይተዋል። ያንተ መፍትሄ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ አለማሳደር ነው፣ ቤት እንደገባህ አየር ይንካው። ከማጠብህ በፊት ኢንዛይም ያለው ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ገልብጠህም እጠበው፣ ላቡ ያለው ውስጡ ነው። ሶፍትነር ለዚህ ልብስ ጭራሽ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቤቴ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ይላል፣ ልብሴም ላይ የሚሸተኝ እሱ ነው? ላስወግደው ብዬ አቼቶ ከበረኪና ጋር ልጨምርበት አስቤ ነበር። — በርታው

መልስ፦ እንዳትጨምር! በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዛው አደገኛ ጋዝ ነው። ከቧንቧ የሚመጣው ክሎሪን ትንሽ ነው፣ ልብሱ ሲደርቅ አብዛኛው ይተናል፣ ስለዚህ የደረቀ ልብስህ ላይ የሚሸትህ ብዙ ጊዜ አንተው ያደረግከው በረኪና ነው፣ ቀንሰውና ደጋግመህ አለቅልቀው። አቼቶ ለብቻው፣ አልፎ አልፎ፣ ማለቅለቂያው ላይ ችግር የለውም፣ ቶሎ ቶሎ ከሆነ ግን የማሽኑን ጎማ ይጎዳል። ድንገት ሁለቱን ቀላቅለህ አይንህን ወይ ጉሮሮህን ካቃጠለህ እጥበቱን ተወውና ወዲያው ከክፍሉ ወጥተህ ንጹህ አየር አግኝ፣ መተንፈስ ከከበደህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሀኪም ቤት ሂድ።