የዶፓሚን ጂኔን ልመርመር ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ከተነገረን ቆይቷል። በሽታው ዶፓሚንን ከሚያጓጉዘው ጂን ጋር ይያያዛል የሚል ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ፤ በምራቅ የሚመረምሩ ድርጅቶችም እንዳሉ አየሁ። እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ እስካሁን ደህና ነኝ። ተመርምሬ ቁርጤን ልወቅ ወይስ ይቅርብኝ? እህቱ ነኝ።

መልስ፦ ይቅርብሽ፣ እህቴ። ገንዘብሽን ያዢ። ያነበብሽው ግን ሜዳ ላይ የተፈጠረ ወሬ አይደለም።

አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ለሌላው ሴል መልእክት ሲያስተላልፉ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። ከዚያ የተረፈውን ዶፓሚን ከሴሎቹ መሃል ለቅሞ ወደመጣበት የሚመልስ ፕሮቲን አለ፤ አጓጓዥ የሚሉት እሱን ነው። አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ይሄን ፕሮቲን ሥራውን ያስገለብጠዋል፣ ዶፓሚኑ መሃል ላይ ይከማቻል፣ አብዝቶ የወሰደ ሰው ደግሞ የሌለ ድምፅ ሊሰማ ወይም ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ሊመስለው ይችላል። ይሄን ያየ ተመራማሪ አጓጓዡን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጂኑ ኤስኤልሲ6ኤ3 ይባላል፣ 5ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። መጨረሻው አካባቢ 40 የዘረመል ፊደል ያለው ቁራጭ ይደጋገማል፤ ብዙ ጊዜ 9 ወይም 10 ጊዜ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲቆጥሩ የኖሩት ይሄንን ነው።

የድግግሞሹ ቁጥር ከበሽታው ጋር ይያያዛል ወይ ለሚለው አንዱ ጥናት አዎ አለ፣ ሌላው የለም አለ። ተደምረው ሲታዩ ግን የረባ ነገር አልወጣም። የአንጎል ምስልም ቢሆን ታማሚዎቹ ላይ ከፍ ብሎ ያሳየው ዶፓሚን የማምረት አቅምን እንጂ የአጓጓዡን ብዛት አይደለም። በበኩሌ ይሄ ድግግሞሽ አሁንም ለሰው በገንዘብ መሸጡ ያናድደኛል፤ 9ም ወጣ 10፣ ሁለቱም በሞሉ ጤነኞች ላይ ያለ ነገር ነው።

በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት 76,755 ታማሚዎችን ይዞ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የሚያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን አገኘ። አብዛኞቹ ለየብቻቸው የሚጨምሩት ስጋት ኢምንት ነው። ከዶፓሚን ጋር በተያያዘ ጎልቶ የወጣው ደግሞ የአጓጓዡ ጂን ሳይሆን የተቀባዩ፣ ማለትም መልእክቱን በሚቀበለው ሴል ላይ ዶፓሚንን የሚይዘው ፕሮቲን ጂን ነው፤ ዲአርዲ2 ይባላል። የወንድምሽ መድኃኒትም እንደ አብዛኞቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ከሆነ የሚሠራው እዚሁ ተቀባይ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስለ አጓጓዥ ያነበባችሁትን ይዛችሁ መድኃኒቱን እንዳታስቆሙት።

ወዳንቺ ልመለስ። ከማንኛውም 100 ሰው በዕድሜው አንዱ ገደማ ይያዛል፤ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ከሆነ ወደ 10 ይጠጋል። ማለትም 90ው አይያዝም። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም ሊቀር ይችላል። ዘረመልሽን መቀየር አትችዪም፣ ካናቢስንና አምፌታሚንን መራቅ ግን ትችያለሽ፣ በተለይ በዚህ ዕድሜሽ። የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ያለ ምክንያት ሰው መጠርጠር ከጀመረሽ ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው።