ቦርድ ባይኖርሽም ጀምሪ

ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነሽ። የዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ ሃርድዌር ዲዛይነር፣ ማለትም ድምፅንና መሰል ሲግናሎችን በቁጥር የሚያስተካክል ሰርኪዩት የሚነድፍ ባለሙያ መሆን ትፈልጊያለሽ። ግን የኤፍፒጂኤ ቦርድ (የነደፍሽውን ሰርኪዩት ጭነሽ የምትሞክሪበት ቺፕ ያለበት ቦርድ) የለኝም፣ ሥራውስ የት አለ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፤ ቺፕ የሚነድፉት ድርጅቶች በብዛት ያሉት ውጭ ነው። እዚህ መጀመሪያ የምታገኚው የቴሌኮም ወይም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ሊሆን ይችላል። ግቢበት። ዲዛይኑን ግን ማታ ማታም ቢሆን አታቋርጪው።

ቦርዱ ለጊዜው ይቆይ። ሃርድዌር የሚገለጸው ቬሪሎግ በሚባል ቋንቋ ነው። ኮዱን ኮምፒውተር ላይ የሚያስሞክርሽ አይካረስ ቬሪሎግና ውጤቱን በሞገድ ሥዕል የሚያሳይሽ ጂቲኬዌቭ ነፃ ናቸው፤ ደህና ላፕቶፕ ካለሽ ይበቃል። አንድ ፕሮጀክት ልስጥሽ። በባቲ ቅኝት የተመታ ክራር በስልክሽ ቅጂ። በፓይተን ኮድ የ50 ኸርዝ ድምፅ ጨምሪበት፤ ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ ማለቴ ነው። ከዚያ እሱን ብቻ የሚያጠፋ ኖች ፊልተር በቬሪሎግ ጻፊ።

ፓይተን ላይ ይሄ ቀላል ነው። ሃርድዌር ላይ ግን እያንዳንዱ ቁጥር በተወሰነ ቢት (የ0 እና 1 ቦታ) ነው የሚቀመጠው፤ የሙያው ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 8,000 ናሙና ከወሰድሽ አንዱ ኮኤፊሸንት (ፊልተሩ ናሙናውን የሚያባዛበት ቋሚ ቁጥር) -1.9985 ገደማ ይሆናል። 8 ቢት ሰጥተሽ 6ቱን ለክፍልፋይ ብታውዪ ቁጥሩ ወደ -2 ይጠጋጋል። ያኔ ፊልተሩ የሚያጠፋው ቦታ ከ50 ኸርዝ ወደ ዜሮ ይሸሻል። 16 ቢት አድርገሽ 14ቱን ለክፍልፋይ ስትሰጪ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን በዓይንሽ ካየሽ አትረሺውም።

ኤፍአይአር ፊልተር (የራሱን ያለፈ ውጤት ሳይጠቀም የገቡትን ናሙናዎች ብቻ እያባዛ የሚደምር) ብመርጥስ ትዪ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ይህን የመሰለ ጠባብ ድምፅ ለመለየት ለእያንዳንዱ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠር ማባዛት ይፈልጋል። ታዲያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማባዣዎች ትደረድሪያለሽ? አያስፈልግም። ክሎክሽ (ሰርኪዩቱ የሚሠራበት የጊዜ ምት) 50 ሜጋኸርዝ ከሆነ በሁለት ናሙናዎች መካከል 6,250 ምት አለሽ። አንዷ ማባዣ ተራ በተራ ሁሉንም ትሠራዋለች። እንዲህ ማሰብ ስትጀምሪ ዲዛይነር እየሆንሽ ነው።

መጨረሻ ላይ ያንኑ ፊልተር በፓይተን በሙሉ ቁጥር ብቻ (ኢንቲጀር ሞዴል) ጽፈሽ ውጤቱን ከቬሪሎጉ ጋር ቢት በቢት አነጻጽሪ። በዚህ ሥራ ከመጻፉ ይልቅ ማረጋገጡ ብዙ ጊዜ ይበላል፤ ቀጣሪም በጣም የሚፈልገው እሱን ነው። ኮዱን፣ ዲዛይኑን የሚፈትነውን ቴስትቤንችና ለምን 16 ቢት እንደመረጥሽ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ሰው ኮዱን በሚያጋራበት ጊትሃብ ላይ አድርጊ። ኢንተርቪው ላይ ከውጤትሽ ይልቅ ስለዚያች ገጽ ቢጠይቁሽ አይግረምሽ።

የመመረቂያ ርዕስ ስታስገቢም ይህንኑ ይዘሽ ቅረቢ። በሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ በሚደረግ ሙከራ) የሚሠራ ነገር በእጅሽ ካለ አማካሪሽን ቦርድ ለመጠየቅ አፍ ይኖርሻል።